ያልተወቀረ ድንጋይ

መሕቡብ ሀሰን ሰውን የሚያውቀው ከእግሩ ጀምሮ ነው። መካነ ኢየሱስ ከተማ መናኸሪያ አጥር ሥር፣ በአሮጌ ቆርቆሮ በተጠለለች ጠባብ ቦታ ተቀምጦ ሠላሳ ዓመት ጫማ ሰፍቷል። ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ ሶሉን ገልብጦ ያያል፤ ስምህን የሚጠይቅህ ከዚያ በኋላ ነው። እኔ የፊዚክስ መምህር ሆኜ ወደ ከተማዋ በመጣሁ በሳምንቱ ጫማዬን ተቀብሎ አገላብጦ አየና፣ «አንተ መምህር፣ ቀኝ እግርህ ይቸኩላል፣ ግራህ ይሰንፋል። ሚስት የለህም» አለኝ። አልነበረችኝም። የሶሌ ማለቅና ሚስት ማጣቴ ምን እንዳገናኛቸው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ግን አልተሳሳተም።

ስሜ ምንይችል ነው። ሃያ ሦስት ዓመት አስተምሬያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ያስተማርኩት ያለ ላቦራቶሪ፣ በጠመኔና በምላሴ ነው። ከሥራ ስወጣ መሕቡብ ዘንድ ጎራ ብዬ በርጩማው ላይ መቀመጥ ልማዴ ነበር። የሚሰፋ ጫማ ባይኖረኝም ወሬ አላጣም።

የመሕቡብ ዋና ሙያ በረባሶ ነው። ያረጀ የጭነት መኪና ጎማ በቢላ ይቀዳል፣ በእግር ልክ ይቆርጣል፣ ማሰሪያውን ያበጅለታል። ከውጭ የሚመጣው የፕላስቲክ ጫማ ገበያውን ቢሻማበትም ከስማዳ በኩል ገደል እየወረደ እየወጣ የሚመጣ ገበሬ ከመሕቡብ ጎማ ሌላ አያምንም። ጎማው እስኪያልቅ ሰውየው ያልቃል ይላሉ። መሕቡብ ይህን ሲሰማ ከአፉ ወስፌውን አውጥቶ ይስቅ ነበር።

አንድ የማይለቀው እምነት ነበረው። ሶል በሰፋ ቁጥር መሬት ይይዛል ይል ነበር። አንድ ቀን ተሳሳትክ አልኩት።

«ስፋት ለሰበቃ፣ ሶሉ መሬት ለመያዙ፣ ምንም አይጨምርለትም» አልኩት። «ዋናው ክብደቱና የሚነካኩት ነገሮች ዓይነት ነው። ጎማ በድንጋይ ላይ፣ ቆዳ በድንጋይ ላይ፣ ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ፤ ይኸው ነው።»

«የመጽሐፍ ሰው!» አለኝ። «አህያ ክረምት ላይ ለምን እንደምትወድቅ ታውቃለህ? ሰኮናዋ ጠባብ ስለሆነ ነው።»

«እሱማ ማጥ ውስጥ ስትሰጥም ነው። ሰፊ ነገር ማጥ ውስጥ አይሰጥምም፣ እዚያ ላይ ልክ ነህ። ድጥ ግን ሌላ ነው።»

«ማጥም ድጥም ያው መውደቅ ነው። ይልቅ እግርህን አንሣ፣ ማስቲሹን ረገጥከው።»

ሳቅንና ተውነው። ያን ቀን ሳቄን አቁሜ ነገሩን ብገፋበት ኖሮ እያልኩ ሌት ተቀን ስብሰለሰል ከርሜአለሁ።

አሁን ስለ የኔታ ይስማው ልናገር። የኔታ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ደብር የድጓ መምህር ነበሩ። በወጣትነታቸው ጋይንት ቤተ ልሔም ወርደው ድጓ አስመስክረው የተመለሱ፣ አምሳ ዓመት ወንበር ዘርግተው ያስተማሩ ሰው ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓይናቸው ደከም ያለ፣ ድምፃቸው ግን እስከ መጨረሻው ያልደከመ። ከጎጆአቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወርደው መንገድ ላይ አንድ ገላጣ አለት አለ። ስንት ዘመን ተረግጦ፣ ስንት ክረምት ታጥቦ፣ ሳይወቀር እንደቆየ ወፍጮ ልሟል። ዝናብ ሲመታው ሰው ሁሉ ጎኑን አዙሮ፣ ዱላውን ተክሎ፣ «እመቤቴ ድረሽ» እያለ ነው የሚያልፈው። እኔም እሑድ እሑድ እንደዚያው ሳልፍ ኖሬያለሁ።

የኔታ በዚያ አለት አርባ ዓመት በበረባሶ ተመላልሰዋል። የመጀመሪያውን የሠራላቸው የመሕቡብ አባት ነበር፤ አባትዬው ሲሞት መሕቡብ ተካው። ጎማቸው ባለቀ ቁጥር ይመጡና በርጩማው ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ «ይሄ ጎማ ከእኔ የበለጠ አገር አይቷል» እያሉ ይቀልዱ ነበር። መሕቡብ ለእሳቸው ከወንበሩ ይነሣል። ለሌላ ለማንም ሲነሣ አይቼው አላውቅም።

ይህ መከባበር የጠለቀው ሰዒዳ በሞተች ጊዜ ነው። ሰዒዳ የመሕቡብ ባለቤት ነበረች። የዛሬ አራት ዓመት ታማ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። የኔታ ተማሪዎቻቸውን አስከትለው ከእስላሞቹ መቃብር ድረስ ሄዱ፤ ሶላቱ ሲሰገድ ራቅ ብለው በዱላቸው ተደግፈው ቆሙ፤ ከዚያ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ሲነሡ መሕቡብን ጠሩት። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

«አንድ ነገር ልለምንህ ልጄ» አሉት።

«ይዘዙኝ እንጂ የኔታ፣ እርስዎ ምን ይለምናሉ።»

«አስማን ከትምህርት ቤት እንዳታስቀራት። ቤቱን ማን ይይዝልኛል ብለህ ይህን ሰሞን እንደምታስብ አውቃለሁ። ቤት በአንዱም በሌላውም ይያዛል። ላግባት የሚል ቢመጣም ገና ናት በለው።»

መሕቡብ አንገቱን ደፋ። እውነትም ሊያስቀራት አስቦ ነበር፤ በኋላ ራሱ ነግሮኛል። አስማ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ አንዲት ልጁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሕቡብ ወጥ መሥራት ለመደ። ሰፈርተኛው አሾፈበት። እሱ ደግሞ ሽንኩርቱን በጫማ ቢላው እየከተፈ ልጁን ትምህርት ቤት ላከ። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ በከረመበት ጊዜ እንኳ ደብተሯን እያስገለበጠ ያስጠናት ነበር፤ ራሱ ከቁጥር በቀር እምብዛም የማያነብ ሰው።

አምና በሐምሌ፣ የደብሩ ንግሥ በሚውልበት ዕለት፣ የኔታ ያስተማሯቸው ሊቃውንት ከያለበት ተሰብስበው ካባ ሊደርቡላቸው ተነጋገሩ። መሕቡብ ይህን ሲሰማ ሥራውን ሁሉ አስቀመጠ።

«ካባ ለብሰው በበረባሶ ሊቆሙ ነው?» አለኝ። «ማንም መኪና አመድና ጭቃ ያመላለሰበት ጎማ ለእንዲህ ያለ እግር? እስከ ዛሬ እንዲህ ማድረጌም ያሳፍረኛል።»

የበሬ ቆዳ ፈልጎ ከአርብ ገበያ አስመጣ። ሁለት ድርብ አድርጎ ሰፋው። ሶሉን በጠርሙስ ስባሪ ፋቀው፣ በቅባት አሸው፣ እንደገና ፋቀው። በጎኑ የጣት ያህል አሰፋው። «ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ጉልበታቸውም ይንቀጠቀጣል፤ ሰፋ አድርገው ይርገጡ» አለኝ። ሲጨርስ በሁለት እጁ ይዞ አሳየኝ። ሶሉን በአውራ ጣቴ ዳበስኩት። ሐር ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰበቃን ያስተማርኩ ሰው፣ ጣቴ በዚያ ልስላሴ ላይ ሲሄድ እየተሰማኝ፣ «እጅህ ይባረክ» አልኩት። ሌላ ምንም አላልኩም።

የኔታ ጫማውን ሲያዩ ወደ ኋላ ሸሹ። «ልጄ፣ ይሄ ለጳጳስ ነው። እኔ ጎማዬን ለምጃለሁ፣ ጎማዬም እኔን ለምዷል።»

«ልጄን ለትምህርት ያበቃት ሰው ጎማ ሲረግጥ እኔ ተቀምጬ አላይም» አለ መሕቡብ። «ካላደረጉት እዚሁ በቢላ እቆራርጠዋለሁ።»

አደረጉት። በንግሡ ዕለት ካባው ተደርቦላቸው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ በአዲስ ጫማ ሲቆሙ መሕቡብ ከቅጥሩ ውጭ ከሙስሊም ነጋዴዎች ጋር ሆኖ በሩቁ አያቸው። ደስታው አላስቀምጥ ብሎት ነበር። ከዚያ በኋላ የኔታ ጫማውን ከእግራቸው አላወለቁም። ያን ያህል ደክሞበት እንዴት ላውልቀው ብለው ይመስለኛል። አሮጌውን በረባሶ ለአንድ ተማሪ ሰጡት።

ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ፣ ዝናቡ ሲያወርድ አድሮ ማለዳ ላይ አባራ። የኔታ ለኪዳን ሲወርዱ አለቱ ላይ አዳለጣቸው። ዳሌያቸው ተሰበረ፣ ጭንቅላታቸውም ድንጋዩን መታ። ተማሪዎቻቸው በቃሬዛ ከተማ አደረሷቸው፣ ከዚያ በመኪና ደብረ ታቦር ተወሰዱ። በአራተኛው ቀን አረፉ።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ «ቀናቸው ደርሶ ነው» አለ። ሰባ ስምንት ዓመት፣ የደከመ ዓይን፣ የጾም ድካም፣ የክረምት መንገድ፤ ማን ሌላ ነገር ያስባል? መሕቡብም አላሰበም። እንዲያውም እንባውን እየጠረገ፣ «ሶላቸው ሰፊ ባይሆን ኖሮ ገና በሐምሌ ይወድቁ ነበር። አንድ ወር አቆየሁላቸው» ሲል ሰምቼዋለሁ። በዚህ ይጽናና ነበር። ተማሪዎቹ ጫማውን አምጥተው «የእጅህ ሥራ ነው፣ ማስታወሻ ይሁንህ» ብለው ሰጡት። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ከራሱ በላይ ካለው መደርደሪያ አኖረው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መሕቡብ ዛሬም እየሳቀ ጎማ ይቀድ ነበር። ያላበቃው በእኔ ምክንያት ነው።

ኅዳር ላይ ዘጠነኛ ክፍልን ሰበቃ አስተማርኩ። አስማ በክፍሉ ውስጥ ነበረች፤ ከፊት ወንበር፣ ነጭ ሂጃብ፣ ቀጥ ያለ የእጅ ጽሑፍ። ላቦራቶሪ ስለሌለን ሁልጊዜ እንደማደርገው የቤት ሥራ ሰጠሁ። ከቤታችሁ የተለያየ ሶል ያላቸው ጫማዎች ፈልጉ፤ እያንዳንዱን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጡ፤ የድንጋዩን አንድ ጫፍ ቀስ እያላችሁ አንሡ፤ ጫማው መንሸራተት የጀመረበትን ዲግሪ በፕሮትራክተር ለኩ። በደረቁ ሦስት ጊዜ፣ በእርጥቡ ሦስት ጊዜ። የመሬቱ ዝንባሌ ከዚያ ዲግሪ ካለፈ ጫማው አይይዝም ማለት ነው አልኳቸው። በዚህ የቤት ሥራ እኮራበት ነበር። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ተማሪውም በእጁ ነክቶ ይማራል።

በሳምንቱ ደብተሮቹን ሰብስቤ ሳርም አስማ ደብተር ላይ ደረስኩ። በእርጥብ ድንጋይ፣ ጎማ ሠላሳ አንድ ዲግሪ። ፕላስቲክ ሃያ። ቆዳ አሥራ ሦስት። ሌሎቹን ሦስት ሦስት ጊዜ ለክታለች፤ ቆዳውን ግን ዘጠኝ ጊዜ። ዘጠኙም ረድፍ ላይ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሦስት፣ አንዴ አሥራ አራት፣ እንደገና አሥራ ሦስት። ከሥር ደግሞ ያላዘዝኩትን ጨምራለች፦ «ቆዳ፣ ጠባብ ሶል፦ አሥራ ሦስት።» ስፋት ሰበቃን እንደማይለውጥ በራሷ አረጋግጣለች! በደስታ ዘለልኩ። በቀይ እስክሪብቶ «እጅግ በጣም ጎበዝ! ለክፍሉ አቅርቢ» ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ ሰሌዳው ፊት አቆምኳት። ደብተሯን ከፈተች። የጎማውን አነበበች፣ የፕላስቲኩን አነበበች። ቆዳው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ጠፋ። ደብተሯን ዘግታ ወጣች።

ተከትዬ ወጣሁ። ቧንቧው ጋ ቆማ ታለቅሳለች።

«ምን ሆንሽ አስማ? ሥራሽ እኮ ከሁሉም የበለጠ ነው።»

«ቲቸር፣ ያ ቆዳ የየኔታ ጫማ ነው» አለችኝ።

ቧንቧው ግንብ ላይ ተቀመጥኩ።

እሷ በየመሐሉ እየተነፈሰች ነገረችኝ። ቆዳ ሶል ያለው ጫማ ሱቁ ውስጥ ሌላ አልነበረም። ከመደርደሪያው ያወረደው ራሱ መሕቡብ ነው፤ «ለትምህርትሽ ከሆነ የኔታ ደስ ነው የሚላቸው» ብሎ። ቢላ የሚስልበትን ጠፍጣፋ ድንጋይ አስተካክሎ ሰጣት። እንደ ልጅ ደስ ብሎት ውኃውን ራሱ ያፈስ ነበር። ጎማው ሲይዝ «አየሽ የአባትሽን ሥራ!» አለ። ከዚያ ቆዳውን አስቀመጡ። ድንጋዩ ገና ከመሬት ብድግ እንዳለ ጫማው ወረደ።

«"ድገሚው" አለኝ። ደገምኩት። "በደንብ አላስቀመጥሽውም፣ ድገሚው" አለኝ። ዘጠኝ ጊዜ አስደገመኝ ቲቸር። ከዚያ "ሰፊ ስለሆነ ይሆናል፣ ጠባቡን ሞክሪ" ብሎ ከተረፈው ቆዳ ሶል ቆርጦ ሰጠኝ። እሱም ያው ሆነ። ከዚያ ወዲያ እራት አልበላም።»

«ሌላስ ምን አለ?»

«በማግስቱ "ፕሮትራክተርሽን ይዘሽ ሂጂና የኔታ የወደቁበትን አለት ለኪው" አለኝ።»

«ስንት ሆነ?»

«አሥራ ሰባት።» ዓይኗን ጠረገች። «እኔ ግን አሥራ አንድ ነው አልኩት። አሥራ አንድ ከሆነ ቆዳውም ይይዝ ነበር፣ ጫማው አይደለም የጣላቸው። እውነቱን እንዴት ልንገረው? ቲቸር፣ እርስዎን መጠየቁ አይቀርም። በአላህ፣ አሥራ አንድ ይበሉት።»

አስማ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ያስተማርኳትን ትምህርት ከእኔ በተሻለ ገብቷት፣ በዚያው ትምህርት አባቷን ልታድን ትዋሻለች። እሺ አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

በሦስተኛው ቀን መሕቡብ ዘንድ ሄድኩ። ጎማ አልያዘም፣ ወስፌ አልያዘም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ፊቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ አርጅቷል።

«መምህር» አለኝ፣ ሰላም እንኳ ሳይለኝ። «ያ አለት አሥራ አንድ ነው አሉ። እውነት ነው?»

«አዎ፣ ያን ያህል ቢሆን ነው» አልኩት። ውሸት ስናገር አፌ እንደማያምርልኝ አውቃለሁ፤ ያንንም ለመሸፈን ብዙ አወራሁ። እርጅናው፣ ዓይናቸው፣ ጾሙ፣ አለቱ ላይ የበቀለው የድንጋይ ሽበት። እስክጨርስ ታገሠኝ። ከዚያ ከመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ የአስማን ፕሮትራክተር አወጣ። ዝንባሌውን እንዲያሳይ መሐሉ ላይ ክር ታስሮ ጠጠር ተንጠልጥሎበታል።

«ትናንት ከሰዓት ሄጄ ነበር» አለኝ። «ልጄ ስትሠራበት አይቼ ለምጄዋለሁ። ፊደል ይቸግረኛል እንጂ ቁጥር አይቸግረኝም። አሥራ ሰባት ነው።»

ፕሮትራክተሩን ሣጥኑ ውስጥ መለሰው።

«እሷ ልጅ ናት፣ ለአባቷ ብላ ነው። አንተም ለእኔ ብለህ ነው። አላህ አይያዝባችሁ። ግን አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትዋሸኝ። መጽሐፉ ሊሳሳት አይችልም?»

ጠቢብ ሰው ቢሆን ምን ይመልስለት ነበር? እኔ አላውቅም። «አልተሳሳተም» አልኩት። «ግን መሕቡብ፣ አንተ በክፋት አላደረግከውም...»

«ጎማውን ያወለቅኩባቸው እኔ ነኝ ምንይችል።» በስሜ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነበር። «አርባ ዓመት በዚያ አለት አልወደቁም። የእኔ አባት ጎማ አቆማቸው። እኔ አከብራለሁ ብዬ፣ በጠርሙስ ፍቄ፣ በቅባት አሽቼ፣ በገዛ እጄ ገደልኳቸው። ለቅሷቸው ላይ ደግሞ አንድ ወር አቆየኋቸው ስል ሰምተኸኛል።»

እንደ ሕፃን አለቀሰ። የመናኸሪያው ሰው ይመለከተን ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ሱቁን አልከፈተም። ወደ ደብሩ ሄዶ አስተዳዳሪውን ቄስ ሙሉዓለምን አስጠራ። ምን እንዳላቸው በኋላ ከራሳቸው ሰማሁ። ምንም ሳይደብቅ ነግሯቸው፣ አለቱን ልወቅረው ፍቀዱልኝ ብሎ ለመናቸው። ወፍጮ ሲልም እህል አልይዝ እንደሚልና ተወቅሮ ሸካራ እንደሚደረገው ሁሉ፣ ድንጋዩ እግር እንዲይዝ። ቄስ ሙሉዓለምም፣ «አንተ ጫማ ሰጠሃቸው። ይህን አለት ግን ስንት ትውልድ ካህናት እየተንገዳገድን አልፈንበታል፤ አንዳችንም አልወቀርነውም። በደል ካለው ለሁላችንም ይዳረሳል» አሉት። ይህን ስሰማ እኔም ድርሻዬን አነሣሁ። ያን አለት እሑድ እሑድ ስረግጥ ሰበቃ ምን እንደሆነ ከሁሉም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። እውቀቴን ትምህርት ቤት ትቼው ነበር የምወጣው።

የእነ መሕቡብ ጎረቤት ብርነሽ፣ የሞተር ወፍጮ ከመምጣቱ በፊት ወፍጮዋን የምትወቅርበትን የብረት መውቀሪያ ከጓዳ ፈልጋ አዋሰችው። መሕቡብ ታኅሣሥ ላይ፣ ፀሐይ ሲሞቅ ሄዶ አለቱ ላይ ተንበረከከ። ከላይ ጀምሮ ወደ ታች፣ ነጥብ በነጥብ፣ አንድ እጅ በማይሞላ ርቀት፣ ሲወቅር ዋለ። የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ይጠይቀዋል፤ እሱ «ለእግር እንዲይዝ ነው» ብሎ ያጎነብሳል። ቆዳና ጎማ የለመደ መዳፉ በመጀመሪያው ቀን ውኃ ቋጠረ፣ በሁለተኛው ፈረጠ። ላግዝህ ብዬ መውቀሪያውን ብይዝ ነጠቀኝ። የየኔታ ተማሪዎች ግን የድንጋዩን ስባሪ ሲጠርጉለት ዝም አላቸው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጨረሰ። አስማ ጀሪካን ውኃ ይዛ መጣች፣ እኔም ተከትያት ወረድኩ። መሕቡብ ከጨርቅ ጥቅል ውስጥ የየኔታን ጫማ አወጣ። የኔታ የወደቁባትን ቦታ ያውቃታል፤ እዚያች ላይ ሁለቱን ጫማዎች ጎን ለጎን፣ አፍንጫቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አድርጎ አኖራቸው። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ አንድ ከባድ ድንጋይ አስገባ።

«አፍሺው» አላት።

አስማ ከላይ ውኃውን ለቀቀችው። ውኃው በውቅራቱ መሐል እየተበታተነ ወረደ፣ በጫማዎቹ ሥር አለፈ። ጫማዎቹ አልተንቀሳቀሱም።

«ድገሚው።»

ደገመችው። ባዶ ጀሪካኑን ይዛ ወንዝ ወርዳ ሞልታ ተመለሰች፤ እንደገና አፈሰሰችው። ጫማዎቹ እንደቆሙ ናቸው። ያ በጠርሙስ የተፋቀ፣ በቅባት የታሸ ሶል፣ አሥራ ሰባት ዲግሪ ባዘነበለ እርጥብ ድንጋይ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«አባዬ፣ ይዟል» አለችው አስማ በቀስታ።

መሕቡብ ተንበርክኮ ጫማዎቹን ያያል። እጁን ዘርግቶ አንዱን ነካ አደረገው፣ ይንሸራተት እንደሆነ። አልተንሸራተተም።

«አሁን ቆሙ» አለ። «አዩ የኔታ፣ አሁን ቆሙ።»

ከዚያ የቆሰለ መዳፉን ገልብጦ ተመለከተ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«የሦስት ቀን ሥራ ነበር እኮ ምንይችል» አለኝ። «ሦስት ቀን ብቻ።»